ቆዳ ተወደደ ተብሎ በሬ ይታረዳል?

ከሰው ቆዳ የሚገኘው ስቴም ሴል፦ ሕክምናው፣ ገበያውና ወሬው

ለመርካቶ ሰው «ቆዳ» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው የበሬ ቆዳና የበግ ሌጦ ነው። ዋጋው ስንት ደረሰ? ፋብሪካው ይረከባል ወይስ አይረከብም? ጨው በወቅቱ ተነስንሶበታል ወይስ ተበላሽቷል? የዚህ ገበያ ውጣ ውረድ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ዛሬ የምናነሣው ግን ሌላ ቆዳ ነው። እርስዎም እኛም ለብሰነው የምንውለውን፣ ለዘመናት ሻጭም ገዢም ያልነበረውን የሰው ቆዳ።

ከዚህ ቆዳ የፖስታ ቴምብር የምታህል ቁራጭ ተወስዳ፣ በእሳት የተቃጠለ ገላ የሚሸፍን አዲስ ቆዳ ተመርቶባታል። ከዚሁ ቆዳ የተወሰደ ሕዋስ ጠባዩ ተለውጦ የዓይን ሕዋስ ሆኗል፤ የአንጎል ሕዋስም ሆኗል። ይህ ተረት አይደለም፤ ተሠርቶ የታየ ነው። ይሁንና እውነት ባለበት ገበያ ሁሉ አስመሳይ አይጠፋም። «በስቴም ሴል የማይድን በሽታ የለም» የሚል ብሮሹር አሳትሞ የሚዞር፣ በሽተኛ ወደ ባሕር ማዶ ክሊኒክ ልኮ ኮሚሽን የሚበላ፣ «አክሲዮኑ ሳያልቅ ይፍጠኑ» እያለ የሚጎተጉት በዓለም ገበያ ሞልቷል። ወንድሙን ለማሳከም ቤቱን የሚሸጥ ሰው ባለበት አገር፣ እውነቱን ከወሬው መለየት የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ከቆዳ በሚገኘው ስቴም ሴል እስከ ዛሬ ምን ታከመበት? ማን አተረፈበት? ማንስ ከሰረበት? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ዋናውን የማይነካ ነጋዴ

ስቴም ሴል፣ አንዳንዶች በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚሉት፣ ምን እንደሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያስቸግርም። ብልህ ነጋዴ ዋናውን ሳይነካ ከትርፉ ይበላል። ስቴም ሴልም እንዲሁ ነው። አንዱ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል፣ አንደኛው ወደ ሥራ ይሰማራል፤ ቆዳ ወይም ደም ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ይሆናል። ሌላኛው ግን እንደ ነበረ ሆኖ ለነገ ይቀመጣል። ዋናው ስለማይነካ ሥራው በሰውየው ዕድሜ ሙሉ ይቀጥላል።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በየቀኑ እየረገፈ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይታደሳል። ሻወር ስንገባ የምናሸው እድፍ አብዛኛው የሞተ የቆዳ ሕዋስ ነው። ይህን ሁሉ የሚተካው በሽፋኑ ሥር፣ ከታችኛው መደዳ ላይ የሚገኘው የስቴም ሴል ክምችት ነው። በ1990 ደግሞ ጆርጅ ኮትሳሬሊስና ባልደረቦቹ ፀጉር በሚበቅልበት ጉድጓድ ወገብ ላይ ሌላ ክምችት መኖሩን አሳዩ። በ2001 ፍሬዳ ሚለር የተባለችው የካናዳ ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከውስጠኛው የቆዳ ክፍል በላቦራቶሪ ውስጥ የነርቭም የስብም ሕዋስ መሆን የሚችሉ ሕዋሳት እንደሚገኙ አስታወቁ። እንግዲህ ቆዳ ልብስ ብቻ ሳይሆን መጋዘንም ጭምር ነው ማለት ነው።

ይህ ክምችት ሌላ ትልቅ ጠቀሜታ አለው። የሚገኘው ከአዋቂ ሰው፣ ያውም ከራሱ ከበሽተኛው ነው። ፅንስ አይነካም፤ ስለዚህ በፅንስ ስቴም ሴል ላይ የተነሣው የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ክርክር እዚህ አይነሣም። ሕዋሱ የራስ በመሆኑም ሰውነት «ባዕድ ነው» ብሎ የመግፋቱ አደጋ እጅግ ይቀንሳል።

ከአይጥ ዕጢ የተገኘ ዕድል

ታሪኩ የሚጀምረው ቆዳ ለመሥራት ባልታሰበበት ቦታ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩት ሃዋርድ ግሪንና ተማሪያቸው ጄምስ ራይንዋልድ የአይጥ ዕጢ ሲመረምሩ፣ በሳህኑ ላይ የቆዳ ሕዋስ የሚመስል ነገር ሲያድግ አዩ። ምክንያቱን ሲከታተሉ፣ የቆዳ ሕዋስ ብቻውን ሲተው የማያድግ፣ ከሥሩ ሌላ ደጋፊ ሕዋስ ሲነጠፍለት ግን የሚራባ መሆኑን ደረሱበት። ደጋፊው የአይጥ ሕዋስ ሲሆን፣ ራሱ እንዳይራባ በጨረር ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ዘዴውን በ1975 በጽሑፍ አወጡት። ከዚያ በፊት የሰውን የላይኛውን ቆዳ በብዛት ማራባት ያስቸግር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ በሳምንታት ውስጥ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበዛበት መንገድ ተከፈተ።

ዘዴው ትልቁን ፈተና ያለፈው በ1983 ነው። በዋዮሚንግ ግዛት ሁለት ወንድማማች ሕፃናት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ገላቸው ተቃጠለ። በተለመደው ሕክምና፣ የተቃጠለ ሰው ከራሱ ጭን ወይም ጀርባ ስስ ቆዳ ተገፍፎ በቁስሉ ላይ ይለጠፍለታል። የሚገፈፍ ደህና ቆዳ ያልተረፈው ሕፃን ግን ምን ይደረግለታል? በቦስተን የሽራይነርስ የቃጠሎ ሆስፒታል ሐኪሞች ከተረፈው ጥቂት ቆዳ ናሙና ወስደው ወደ ግሪን ላቦራቶሪ ላኩ። ሕዋሱ ተራባ፤ በስስ ቅጠል መልክ ተመልሶ ከገላቸው ግማሽ ያህሉን ሸፈነ። ሁለቱም ሕፃናት ተረፉ። ውጤቱም በ1984 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

የተሠራው ቆዳ ግን ሙሉ ቆዳ አይደለም። ፀጉር አያበቅልም፤ ላብ አያወጣም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀላሉ ይላጣል። ሆኖም ከሞትና ከሕይወት መካከል የቆመ ሰው በላብ ዕጢ ማጣት አያማርርም።

መጋዘን የማይገባ ዕቃ

እስከዚህ ያለው የሳይንስ ወሬ ነው፤ አሁን ወደ ገበያው እንግባ።

የግሪንን ዘዴ ወደ ንግድ ያመጣው ባዮሰርፌስ ቴክኖሎጂ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ምርቱን ከ1988 ጀምሮ ኤፒሴል በሚል ስም አቀረበ። ኩባንያውን በ1994 ጄንዛይም ገዛው። ጄንዛይምን ደግሞ በ2011 የፈረንሳዩ ሳኖፊ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ጠቀለለው። ታዲያ ሳኖፊ ይህን የሕዋስ ክፍል በ2014 በስንት ሸጠው ቢባል ይገርማል፤ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር! ያውም ከዚህ ውስጥ በጥሬው የተከፈለው 4 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ገዢው አስትሮም የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን፣ ወዲያውኑ ስሙን ቨሪሴል ብሎ ለወጠ።

የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሕፃን የሚያድን ምርት ለምን እንዲህ ረከሰ? መልሱን ለማግኘት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ነጋዴ መሆን ይበቃል።

አንደኛ፣ ዕቃው በመጋዘን አይቀመጥም። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ነው፤ ለአቶ እገሌ የተሠራ ቆዳ ለወይዘሮ እገሊት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ለማምረት 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የተቃጠለ ሰው 3 ሳምንት መጠበቅ አለበት፤ በመካከሉ ቢሞት የተሠራው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ የአገልግሎት ጊዜው 24 ሰዓት ብቻ ነው። አውሮፕላን ቢዘገይ፣ ቀዶ ጥገናው ቢተላለፍ፣ ዕቃው ይጣላል። ቲማቲም እንኳ ከዚህ የተሻለ ዕድሜ አለው። አራተኛ፣ ገዢው ጥቂት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የሚቃጠልና ሕክምና እስኪደርስለት በሕይወት የሚቆይ ሰው በአሜሪካም ቢሆን ብዙ አይደለም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2007 ለኤፒሴል ፈቃድ የሰጠውም ለጥቂት በሽተኞች ብቻ ለሚያገለግሉ መሣሪያዎች በተዘጋጀ ልዩ መንገድ ነው። ፈቃዱ ገላቸው 30 በመቶና ከዚያ በላይ በጥልቀት ለተቃጠለ ሰዎች ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የተፈቀደ ዕቃ እንደ ደንቡ በትርፍ አይሸጥም ነበር። በትርፍ እንዲሸጥ የተፈቀደው በ2016 ነው። በዚያው በ2007 የጃፓን መንግሥትም በተመሳሳይ ዘዴ የሚሠራውን የጄቴክ ኩባንያ ምርት ፈቅዷል።

በ6.5 ሚሊዮን የገዛው ቨሪሴልስ ምን ሆነ? በናስዳክ ገበያ የሚሸጥ አክሲዮን ያለው ኩባንያ ነው። የ2024 ገቢው ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ አብዛኛው ገቢ የመጣው ከቃጠሎ ቆዳ ሳይሆን፣ አብሮ ከተገዛው የጉልበት ልም አጥንት ሕክምና ነው። ጉልበቱን የሚታመም ሰው ብዙ ነው፤ ቀጠሮ ይዞ ይመጣል፤ ኢንሹራንሱም ይከፍላል። የቃጠሎው ቆዳ ስም ያስገኛል፤ እንጀራውን ያበሰለው ግን ጉልበቱ ነው።

ልክ ልብስና ዝግጁ ልብስ

ይህን ችግር ያዩ ሌሎች ኩባንያዎች «በልክ መስፋት ካላዋጣ፣ ዝግጁ ልብስ እንሽጥ» አሉ። ይኸውም ከበሽተኛው ቆዳ ሳይሆን ከሌላ ሰው፣ በተለይም በግርዛት ጊዜ ከሚወገደው የሕፃናት ቆዳ፣ ሕዋስ እያራቡ አንድ ዓይነት ምርት በብዛት ማዘጋጀት ነው። ከአንድ ሕፃን የተገኘች ቁራጭ ለእጅግ ብዙ በሽተኞች የሚሆን ምርት ትሰጣለች። ኦርጋኖጄነሲስ የተባለው ኩባንያ አፕሊግራፍ የተሰኘ ምርቱን በ1998 ለማይድን የእግር ቁስል፣ በ2000 ደግሞ ለስኳር በሽተኞች የእግር ቁስል አስፈቀደ። አድቫንስድ ቲሹ ሳይንስስ የተባለውም ዴርማግራፍት በሚል ስም ተፎካካሪ ሆነ።

ገበያው ሰፊ ነበር፤ የስኳር በሽተኛ የትም አለ። እነዚህ ምርቶች በበሽተኛው ላይ ለዘለቄታው አይተከሉም፤ ቁስሉን እያነቃቁ የራሱ ቆዳ እንዲገጥም ይረዳሉ እንጂ። ይሁንና ማምረቻው ውድ፣ የኢንሹራንስ ክፍያው ዘገምተኛ ሆነና ሁለቱም ኩባንያዎች በ2002 የኪሣራ ከለላ ጠየቁ። አድቫንስድ ቲሹ ሳይንስስ እዚያው ቀረ። ኦርጋኖጄነሲስ ግን ከኪሣራው ተነሥቶ፣ በ2018 እንደገና የአክሲዮን ገበያ ገባ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለቱ የከሰሩት ምርታቸው ስለማይሠራ አልነበረም፤ የሚሠራና የተፈቀደ ነበር። የከሰሩት ወጪው ከሽያጩ ስለበለጠ ነው። በሕዋስ ንግድ ውስጥ «ይሠራል ወይ?» የመጀመሪያው ጥያቄ እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

የቦኹሙ ልጅ

የቆዳ ስቴም ሴል ከቃጠሎ አልፎ የዘር በሽታን መርታት እንደሚችል የታየው በጀርመን ነው። በ2015 ከሶርያ የተሰደደ ቤተሰብ የ7 ዓመት ልጅ ቦኹም ከተማ ሆስፒታል ገባ። ልጁ አብሮት የተወለደ በሽታ አለበት፤ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚጣበቅበት ንጥረ ነገር በጂን ጉድለት ምክንያት አይሠራም። ቆዳው ሲነካ ይላጣል። እንዲህ ያሉትን ልጆች የቢራቢሮ ልጆች ይሏቸዋል፤ ቆዳቸው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስስ ነውና። የዚህ ልጅ ቆዳ 80 በመቶ ያህሉ ረግፎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል።

የጣልያኑ የሞዴና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሚኬሌ ደ ሉካና ባልደረቦቹ ከልጁ ደህና ቆዳ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወሰዱ። ጉድለት ያለበትን ጂን ደህናውን በቫይረስ ተሸካሚነት አስገብተው ሕዋሱን አራቡ። ከዚያም ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቆዳ ሠርተው ላኩ። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ በተከታታይ ቀዶ ጥገና ተለጠፈ። ልጁ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከሆስፒታል ወጥቶ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ኳስም ተጫወተ። ታሪኩ በ2017 በኔቸር መጽሔት ታተመ። በ2021 የወጣው የክትትል ሪፖርትም ቆዳው እንደ ጸና መሆኑን አረጋግጧል።

ለሳይንሱ ትልቁ ግኝት ሌላ ነው። የልጁን አዲስ ቆዳ ዓመት ከዓመት የሚያድሱት ከተተከሉት እጅግ ብዙ ሕዋሳት ውስጥ ጥቂቶቹ፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው እውነተኛ ስቴም ሴሎች ብቻ መሆናቸው ታወቀ። የቀሩት ሥራቸውን ሠርተው በወራት ውስጥ ጠፉ። ዋናው እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ትርፉም ይቆማል።

ይህ ዓይነት ሕክምና ወደ ገበያ የገባው በቅርቡ ነው። አቤዮና የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ሥራ ተረክቦ፣ ዜቫስኪን የተባለውን ምርት በሚያዝያ 2025 አስፈቀደ። ለሌላ ዓይነት የቢራቢሮ በሽታ የሚውል ሲሆን፣ ከበሽተኛው ቆዳ እያንዳንዳቸው የክሬዲት ካርድ የሚያህሉ እስከ 12 ቅጠሎች ይሠራሉ። በ11 በሽተኞች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ከታከሙት ቁስሎች 81 በመቶ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ በግማሽና ከዚያ በላይ ድነዋል፤ በተለመደው ክብካቤ ከቆዩት ግን 16 በመቶው ብቻ። ዋጋውስ? 3.1 ሚሊዮን ዶላር! ኩባንያው በዚህ ፈቃድ ምክንያት ከመንግሥት ያገኘውን «መድኃኒት ቶሎ የማስመርመር መብት» ብቻውን ለሌላ ኩባንያ በ155 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። ወረቀቱ እንኳ ገበያ አለው ማለት ነው።

ቆዳ ወደ ዓይን፣ ቆዳ ወደ አንጎል

እስካሁን ያየነው ቆዳ ቆዳ ሲሆን ነው። ብሮሹሮቹ የሚያወሩት ግን ቆዳ ልብ፣ ኩላሊትና አንጎል ስለመሆኑ ነው። ይህስ እውነት አለው?

አለው፤ ግን ገና በጅምር ላይ ነው። የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው የቆዳ ሕዋስ ውስጥ 4 ጂኖች በማስገባት፣ ያረጀውን ሕዋስ ወደ ልጅነቱ መመለስ እንደሚቻል አሳዩ። የተመለሰው ሕዋስ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ዓይነት ሆኖ እንዲያድግ ማድረግ ይቻላል። ያማናካ በዚህ ሥራ በ2012 የኖቤል ሽልማት ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር ተካፈሉ።

በመስከረም 2014 ማሳዮ ታካሃሺ የተባሉት የጃፓን የዓይን ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በኮቤ ከተማ፣ ከአንዲት በ70ዎቹ ዕድሜ ከሚገኙ በሽተኛ ቆዳ የተሠራ የዓይን ሕዋስ በራሳቸው ዓይን ውስጥ ተከሉ። የዓይናቸው መድከም ቆመ፤ የማየት ኃይላቸው ግን አልጨመረም። ሁለተኛው በሽተኛ ተራ ሲደርስ፣ በተዘጋጀው ሕዋስ ውስጥ የጂን ለውጥ በመታየቱ ተከላው ቀረ። ለአንዱ በሽተኛ የወጣው ወጪ 100 ሚሊዮን የን ያህል እንደነበረ ተዘግቧል። ጃፓኖቹም በ2017 ከራስ ሕዋስ ወደ ለጋሽ ሕዋስ፣ ማለትም ከልክ ልብስ ወደ ዝግጁ ልብስ ፊታቸውን አዞሩ። ኦርጋኖጄነሲስ በቆዳ የሄደበትን መንገድ እነሱ በዓይን ደገሙት።

በአሜሪካም በፓርኪንሰን በሽታ የተያዙ፣ ለምርምሩ ራሳቸው ገንዘብ ያወጡ አንድ ሰው፣ ከቆዳቸው የተሠራ የአንጎል ሕዋስ በ2017ና በ2018 ተተክሎላቸዋል። በ2020 የታተመው ሪፖርት፣ ሁኔታቸው እንዳልባሰ፣ በአንዳንድ መለኪያም እንደተሻላቸው ይገልጻል። አስደሳች ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ነው። በአንድ ደንበኛ ሱቅ አይከፈትም።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ የቆዳ ስቴም ሴል ለቆዳ ሲሆን የተረጋገጠ፣ ከቆዳ በራቀ ቁጥር ግን የተስፋው ድርሻ ከማስረጃው ድርሻ እየበለጠ ይሄዳል።

ስሙን የሚሸጡት

ከተስፋው ጀርባ ሌላ ገበያ አለ። በየመዋቢያ ሱቁ «ስቴም ሴል» የሚል ቅባት ተደርድሯል። አንዳንዱ ከስዊስ ፖም ስቴም ሴል የተሠራ መሆኑን ይናገራል። በቅባቱ ውስጥ ያለው ግን ሕይወት ያለው ሕዋስ ሳይሆን የዕፅዋት ሕዋስ ጭማቂ ነው። ሕይወት ያለው የሰው ሕዋስ ለ24 ሰዓት እንኳ በስንት ጥንቃቄ እንደሚጓጓዝ አይተናል፤ በመደርደሪያ ላይ 2 ዓመት የሚቆይ ሕያው ሕዋስ ከየት ይመጣል? ቅባቱ ፊት ያለሰልስ ይሆናል፤ ስሙ ግን ከዕቃው በላይ ነው።

ከቅባቱ የከፋው መርፌው ነው። በ2015 በፍሎሪዳ አንድ ክሊኒክ 3 አረጋውያን ሴቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው፣ ከሆድ ስባቸው የወጣ «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ተወጋላቸው። ሦስቱም ዓይናቸው ጠፋ፤ የተረፋቸውም ማየት ከተባለ ጥቂት ነው። ጉዳዩ በ2017 በሕክምና መጽሔት ወጣ፤ በ2019 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈረደ። ይህ የሆነው ሕግ ጠንካራ በሆነበት አገር ነው። ሕጉ ላላ ባለበት ቦታ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለእኛ ምን አለን?

በኢትዮጵያ የቃጠሎ አደጋ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ውሃ፣ ከድስት የተገነፈለ ወጥ፣ በገጠርም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በእሳት ላይ መውደቅ ብዙዎችን ለአልጋ ይዳርጋል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ታዲያ የሕዋስ ማራቢያ ላቦራቶሪ መክፈት ያዋጣል? በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። አብዛኛው ተቃጣይ የሚያስፈልገው ከራሱ ጭን የሚገፈፍ ስስ ቆዳ ነው። ለዚህም ስል የቆዳ መግፈፊያ፣ ቆዳውን በስቶ የሚለጥጥ ማሽን፣ በቂ ፋሻ፣ ደምና የሠለጠነ እጅ ያሻል። ይህ ሳይሟላ የ24 ሰዓት ዕድሜ ያለው ዕቃ ማምጣት፣ ጣሪያ ሳይሠራ መጋረጃ እንደ መግዛት ነው።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ። አውስትራሊያዊቷ ቀዶ ሐኪም ፊዮና ዉድ ከማሪ ስቶነር ጋር ያዘጋጁት ዘዴ፣ ከበሽተኛው ጥቂት ቆዳ ወስዶ እዚያው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሕዋሱን ለይቶ በቁስሉ ላይ መርጨት ነው። ሳምንታት መጠበቅ የለም፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ እስከ 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ዉድ በ2002 በባሊ ደሴት ፍንዳታ ከተጎዱት 28ቱን በፐርዝ ከተማ በማከም ስማቸው ገነነ። ዘዴው ሪሴል በሚል ስም በ2018 የአሜሪካን ፈቃድ አግኝቷል። ጥልቅ ለሆነ ቃጠሎ ብቻውን አይበቃም፤ ከተለጠጠ ቆዳ ጋር አብሮ ይሠራል። ላቦራቶሪ ስለማይጠይቅ ግን የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች ቢያጠኑት የሚያስቆጭ አይሆንም።

ኪስ ከመፍታት በፊት

በዚህ ዘርፍ አክሲዮን ሊገዛም ሆነ ዘመዱን ሊያሳክም የተዘጋጀ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሳያስመልስ እጁን ወደ ኪሱ አይስደድ።

ሕዋሱ የማን ነው? የራስ ከሆነ ጊዜና ወጪው ይበዛል፤ የሌላ ከሆነ ሰውነት ሊገፋው ይችላል። መልስ የሌለው ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም።

ለየትኛው በሽታ ነው የተፈቀደው? በየትኛውስ አገር? ለቃጠሎ የተፈቀደ ለኩላሊት አይሆንም። «ለሁሉም በሽታ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ውይይቱ እዚያው ይብቃ።

ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ውጤቱስ የት ታተመ? የዳነ ሰው ፎቶግራፍ ማስረጃ አይደለም።

ሙከራ ነው ከተባለ፣ በሽተኛው ለምን ይከፍላል? በደንበኛ ምርምር ወጪውን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ መርማሪው ነው።

በመጨረሻም፣ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? 3.1 ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ የሚያወጣ በሽተኛ አይገኝም። ኢንሹራንስ ወይም መንግሥት ካልከፈለ፣ የተፈቀደና የሚሠራ ምርት ያለው ኩባንያም እንደሚከስር በ2002 ታይቷል።

የሰው ቆዳ በውስጡ ትልቅ ሀብት መያዙ እውነት ነው። ያ ሀብት ሁለት ወንድማማቾችን ከሞት መልሷል፤ የረገፈ ቆዳ የነበረውን ልጅ ኳስ አጫውቷል። ከ1975 እስከ ዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀውም ዋናው ሳይነካ፣ ተራ በተራ፣ በትዕግሥት ስለተሠራ ነው። «ቆዳ ተወደደ ቢሉት በሬውን አረደ» ይባላል። ቆዳውስ እውነትም ተወዷል፤ ነገ የሚያርሰው ግን በሬው ነውና፣ አንባቢ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት ሒሳቡን ያስላ።